የፈላና በር እድር ድንኳን

ብርነሽ መጋረጃውን ጎትታ ዳርና ዳሩን በመርፌ ቁልፍ አያይዛ በላዩ ላይ የክረምት ካፖርቷን ሰቅላበታለች፤ ብርሃኑ ግን በካፖርቱ ብብት ሥር ሾልኮ ገብቶ አልጋዋ ላይ ተጋድሟል፣ የማትተኛው እሷ ናት። ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ የሌሊት ተራዋን ጨርሳ ከገባች አንድ ሰዓት አልፏታል። እጇ በረኪና በረኪና ይላል። እዚህ ስዊድን ሰኔ ሲሆን ፀሐይ መጥለቅን ትረሳለች፣ ሲመሽም ሲነጋም ያው የታጠበ አንሶላ የመሰለ ብርሃን ነው፣ ሰው መድከሙን እንኳ የሚያውቀው ሰዓት አይቶ ነው፣ ሰዓቱን አየች፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ስልኩ አራት ሰዓት ላይ ነው፣ አራት ሰዓት እዚህ ሲሆን ሐረር ስድስት ሰዓት ነው፣ እማማ ወለተሥላሴ የጥሪ ወረቀታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ከፈላና በር እስከ ስልክ ቤት በዚያ ፀሐይ ይሄዳሉ፣ ጉልበታቸውን እያሻሹ፣ «ደግሞ ይቺ ልጅ ምን ልትለኝ ነው» እያሉ። ምን ልትላቸው ነው? የተመዘገበላት ሦስት ደቂቃ ነው። የባሏ የእንደሻው የአርባ ቀን ተዝካር ሊደርስ ስምንት ቀን ቀርቶታል። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ጎረቤቶቹ ድንኳን ተክለው እንዲቀመጡለት መለመን አለባት፣ ያልቀበሩትን ሰው። ያልቀበሩት ደግሞ በእሷ እጅ በተጻፈ ወረቀት ምክንያት ነው።

ወደ ግድግዳው ዞረች። ዓይኗን ስትጨፍን ያ ዓመት ይመጣል፣ ስድሳ አንድ፣ ከፈላና በር ወጣ ብሎ ያለው ሁለት ክፍል ቤታቸው ውስጥ ሰባት ሆነው ተቀምጠዋል። እንደሻው የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፣ እሷ የሆስፒታል ድሬሰር፣ ሀብተወልድ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ በድሪ ጀጎል ውስጥ መጻሕፍት የሚጠርዝ የሐረር ልጅ፣ ሌሎቹ ሦስቱ ወጣት አስተማሪዎች። ፓርቲ የሚባል ነገር በአገሩ ሕግ የለም፤ ሰባት ሰው በር ዘግቶ ከተቀመጠ ወሬው ሳይመሽ ለጸጥታ ሹሙ ይደርሳል። በር ሳይዘጋ ሰው የሚሰበሰበው ለለቅሶ ብቻ ነው፣ ያለው እንደሻው ነው። «ስለዚህ እድር እንሁን» አለ። ሀብተወልድ «ማን ሞቶ?» አለው። በድሪ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠና «ሥርዓቱ ነዋ። እኛ ደግሞ ቀባሪዎቹ» አለ። ሳቁ። የሳቁትን ያህል አላሰቡበትም። ሰባት ሰው ብቻውን እድር አይሆንምና የሰፈሩን አሥራ አራት አባወራ መዘገቡ፣ ከጊደር መጋላ ገበያ ሸራ ተገዝቶ ድንኳን ተሰፋ፣ ጡሩምባው ለአባይነህ ተሰጠ፤ አባይነህ ጡረተኛ ወታደር ነው፣ ሲነፋ ጀጎል ማዶ ይሰማል። በድብቅ ወረቀት የሚያባዙበት መኪናም በድንኳኑ ጆንያ ውስጥ ተጠቅልሎ ተደበቀ። ጎረቤቶቹ ከጆንያው ውስጥ ምን እንዳለ አያውቁም። እነሱ የተመዘገቡት ለመሞት ነው፣ በቁም ነገር፣ ሰው በእምነት እንደሚመዘገበው። በሦስተኛው ወር የመጀመሪያው ሰው ሞተ፣ አብዮተኞቹም ሥራ ትተው ሦስት ቀን ለቅሶ ቤት ዋሉ፣ አግዳሚ አመላለሱ፣ ውሃ ቀዱ፤ ሀብተወልድ «ፓርቲ ልንሆን ወጥተን አልቃሽ ሆንን» ብሎ አጉረመረመ፣ እንደሻው ግን በዚያ ሰሞን ፊቱ በርቶ ነበር። ሌሊት አልጋ ላይ «ሰው ሲሸከሙ ነው ሰው የሚታወቀው» ይላት ነበር። አሁንም ይላታል። ትሰማዋለች።

ደንቡን የጻፈችው እሷ ናት። የእጅ ጽሕፈቷ ያምራል፣ የፊደሉን ጅራት ወደ ታች ጎትታ ታጥፈዋለች፤ በሰፈሩ ውስጥ የእሷ እጅ ያላረፈበት ማመልከቻ የለም። አንቀጽ አንድ፣ አንቀጽ ሁለት እያለች ስትሄድ ዘጠነኛው ላይ ቆሙ። ከመካከላቸው አንዱ ለፖሊስ ቢያወራስ? ምን ያስፈራዋል? ሁለት መዝገብ መያዝ አደጋ ነው ተብሎ የፓርቲውም የእድሩም መዝገብ አንድ ነው፣ ደንቡም አንድ ነው። እንግዲያ ተከራከሩና እንዲህ ተጻፈ፤ «ከማኅበሩ የተሰናበተ አባል ድንኳን አይተከልለትም፣ ጡሩምባ አይነፋለትም፣ ቃሬዛውን የሚይዝለት አይኖርም።» ለጎረቤቶቹ ሲነበብ እማማ ወለተሥላሴ፣ ያኔም አሮጊት ናቸው፣ ያኔም ጉልበታቸውን ያሻሻሉ፣ «ይኼ ዘጠነኛው ጨካኝ ነው። የሞተ ሰው ምን አጥፍቶ?» አሉ። እንደሻው ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ ማንም አይሰናበትም። ለማስፈራሪያ ነው» አላቸው። እሷም ብዕሩን ይዛ ፈገግ ብላለች። ያንን ፈገግታ አሁን ከፊቷ ላይ ልትፍቀው ትፈልጋለች፣ እዚህ አልጋ ላይ፣ በዚህ ብርሃን።

ነገሩን የጀመረው በድሪ ነው። አይደለም፣ የጀመረው ኮረሪማ ነው። በድሪ ጊደር መጋላ ከመብሩካ ዘንድ ቅመም ሊገዛ ሄደ። መብሩካ የአክስቱ ልጅ ናት፣ ምላሷ ከምትሸጠው ሚጥሚጣ ይብሳል። ኮረሪማውን ጠቅልላ የሰጠችው ወረቀት የእነሱው ነበር፣ መሬት ላራሹ የሚለው፣ በእንደሻው ቤት የተባዛው። «ይኼን ከየት አመጣሽው?» አላት። «ከድሬ ጠያራ የሚመጡ ገበሬዎች ያመጡልኛል። መንገድ ላይ ተበትኖ ያገኙታል። ምን እንደሚል ማንም አያውቅም፣ ለመጠቅለያ ግን እንዲህ ያለ ወረቀት አላየሁም፣ የሚበትነውን አላህ ይባርከው» አለችው። በድሪ ኮረሪማውን ከነጥቅልሉ ስብሰባው መሐል አስቀመጠና «ጓዶች፣ ደስ ይበላችሁ፣ አብዮቱ ገበያ ገብቷል» አለ። እንደሻው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሲጨርስ ዓይኑን ጠርጎ «እንግዲያ በገዛ ቋንቋቸው እንጻፍላቸው። ለገበሬው በኦሮምኛ፣ ለጀጎል በሐረሪኛ» አለ። ሀብተወልድ አልሳቀም። «ዛሬ ቋንቋ፣ ነገ አገር» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዱ ቤት ሁለት አግዳሚ ሆነ። በዚህኛው አግዳሚ ያሉት በዚያኛው ላሉት ጠባብ፣ በዚያኛው ያሉት በዚህኛው ላሉት ትምክህተኛ፣ መሐል የቀረው አድርባይ። የሚነበበው መጽሐፍ ያው ነው፣ ሁለቱም ወገን ከአንዱ ገጽ ይጠቅሳል። ለቅሶ ቤት ሲሄዱ እንኳ ጎን ለጎን መቀመጥ ተዉ፣ እማማ ወለተሥላሴ «እናንተ ልጆች፣ ሬሳውን ነው ወይስ እርስ በርሳችሁን የምትጠብቁት?» አሏቸው። እሷስ ከየትኛው ነበረች? ከባሏ ጋር ትቀመጥ ነበር። በልቧ ግን፣ ዛሬ ማንም አይሰማትምና ታውጣው፣ የሀብተወልድ ንግግር ደስ ይላት ነበር፣ ቀጥ ያለ ነው፣ መጠራጠር የለበትም፤ እንደሻው ሲናገር «ምናልባት» ያበዛል። ምናልባት የሚል ሰው ፓርቲ አይመራም ትል ነበር ለራሷ።

በስድሳ አራት ለነርስነት ትምህርት ወደዚህ አገር መጣች። «እዚያ ያሉትን ጓዶች ታገኛለሽ፣ እጃችን ትሆኛለሽ» ብለው ሸኟት። እጅ ሆነች፤ በዚህ አነጋገር ላይ እግዚአብሔር ይፍረድ። ትምህርቱን በሁለተኛው ዓመት ተወችው፣ ስብሰባው አያስጠናም፣ ስብሰባው አያስበላም፣ ሌሊት አንሶላ እያጠበች ቀን የሐረሮቹ የበላይ የሆነው የውጭ አገሩ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆነች። ሊቀ መንበሩ ተስፋዬ የሚባል መነጽራም የሕግ ተማሪ ነው፣ አሥር ዓመት አገሩን ያላየ፣ ሐረርን በካርታ የሚያውቅ። ባለፈው ጥር በኪራይ አዳራሽ ተቀምጠው የሐረሩን ጉዳይ አነሡ፣ የእንደሻውና የበድሪ መስመር ጠባብነት ነው፣ ይሰናበቱ ተባለ። ስምንት እጅ ተነሣ። የእሷ ስምንተኛው ነው። ባይነሣም ለውጥ አልነበረውም፣ ይህ መጽናኛ ሊሆናት ይገባ ነበር፣ ስንት ጊዜ ልታደርገው ሞከረች። ተስፋዬ «ጓድ ብርነሽ፣ ይህ የሐሳብ ልዩነት ነው እንጂ ትዳር አይደለም» አላት። ቀጠለና «ደብዳቤው በአንቺ እጅ ይጻፍ፣ በአንቺ እጅ ከተጻፈ ሐረሮች ይቀበሉታል» አለ። ጻፈች። «በማኅበሩ ደንብ በአንቀጽ ዘጠኝ መሠረት» የሚለውን ማንም አላስጻፋትም፣ ራሷ ናት የጨመረችው፣ ደብዳቤው ደንበኛ እንዲመስል። እጇ ዘጠኝን ሲጽፍ ድንኳኑ ትዝ አላት ወይ? አላት። ለአፍታ። እንደሻው ገና ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ እስኪሞት ድረስ ስንት ጊዜ ተጣልተን ስንት ጊዜ እንታረቃለን ብላ ፖስታውን በምላሷ አጣበቀችው። ከወር በኋላ ከእሱ አንዲት ወረቀት መጣች፣ አንድ መስመር። «የእጅ ጽሕፈትሽ አሁንም ያምራል» ይላል። ሌላ የለበትም። ከዚያ በኋላ አልጻፈላትም።

የሞቱን ደብዳቤ የጻፈላት በድሪ ነው። ደብዳቤው ትራሷ ሥር ነው፣ ማውጣት አያስፈልጋትም። «እህቴ ብርነሽ፣ አላህ ሰብሩን ይስጥሽ። እንደሻው ግንቦት ስድስት ቀን አረፈ። ጉበቱ ነው፣ ማንም እንዲጽፍልሽ አልፈቀደም። ጡሩምባ ሳይነፋ ዋለ። አባይነህ ጡሩምባውን ይዞ ከበሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ ሀብተወልድ መጥቶ ወረቀትሽን አስታወሰው፣ ተመለሰ። ጎረቤት ሁሉ ቤቱን ዘግቶ ዋለ። እኔን ከአንድ መዝገብ ብታስወጡኝ ሌላ አለኝ፣ የአፎቻዬን ሰዎች ጠራሁ።» አፎቻ የጀጎል ሰዎች የራሳቸው እድር ነው፣ ሠርጉንም ሞቱንም አብረው የሚሸከሙበት። በድሪ ሲሞት የሚሸከመው ሁለት ማኅበር ነበረው፣ እንደሻው ግን አንድ። «አሥራ አንድ ሆነን ተሸከምነው። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ወሰድነው፣ ከዚያ ወዲያ የእኛ ቦታ አልነበረም፣ ሁለት ቄሶችና መቃብር ቆፋሪው ተቀበሉን። አጥሩ ሥር ቆመን አፈር ሲመለስ ሰማን። ዱዓ አደረግን። ያጠፋሁት ካለ አፉ በዪኝ። ድንኳኑን አትጠይቂኝ። እኛ ከወጣን በኋላ የቀሩት አራቱ እንደገና ተጣልተው ለሁለት ቀደውታል፤ ግማሹ ሀብተወልድ ቤት ነው፣ ግማሹ ከሌሎቹ ዘንድ። የትኛውም ብቻውን አይቆምም።»

ትላንት ተስፋዬ መጣ፣ ብርቱካን ይዞ፣ ለሐዘንተኛ ምን እንደሚያዝ ጠፍቶት። ከየካቲት ወዲህ አገር ቤት ነገሩ ሁሉ ተገልብጧል፣ አስተማሪው ታክሲ ነጂው ወታደሩ ሳይቀር ተነሥቷል፣ ድርጅቱም አብሮ ተገልብጧል፤ የብሔረሰቦች ቋንቋ ይከበር የሚል ወረቀት በሦስት ቋንቋ ታትሟል። «መስመራችን ጠርቷል» አላት። «ጓድ እንደሻው ቀድሞን የነበረ ሰው ነው። ሰማዕት ብለን እናወጣዋለን፣ ፎቶው በመጽሔቱ ሽፋን ይሆናል።» ወረቀት ዘረጋ። በሐረር ሕዝብ ታጅቦ በክብር ተቀበረ የሚል አለበት።

«ማን አጀበው?» አለችው።

«ብርነሽ፣ ይህ የጽሑፍ አነጋገር ነው።»

«እኮ ማን?»

«ሕዝቡ።»

«አሥራ አንድ ሰው ነው። ሁሉም እስላሞች ናቸው። አጥር ሥር ነው የቆሙት።»

መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ይኼን ማተም አንችልም። አንቺ በእጅሽ ገልብጠሽ ፈርሚው፣ የባለቤቱ እጅ ሲሆን ክብደት አለው። ነገ ከሰዓት እመጣለሁ።» ከበሩ ላይ ዞረ። «ደግሞ ነገ ስልክ አለኝ ብለሻል። ስለ ድርጅቱ አንዲት ቃል እንዳታወጪ፣ መስመሩን ይሰሙታል። እዚያ ያሉትን ታሳስሪያቸዋለሽ።» እዚህ ላይ እውነቱን ነው። ክፋቱ እውነቱን መሆኑ ነው። አባይነህና እማማ ወለተሥላሴ በየትኛው ማኅበር መዝገብ ላይ እንደተጻፉ እስከ ዛሬ አያውቁም። ለምን እንደጻፈች ብትናገር በእነሱ ላይ በር ማንኳኳት ነው። ካልተናገረች ደግሞ ምን ቀራት? ተታለልኩ ትበል? ሀብተወልድ ፈጠረው ትበል? ሀብተወልድ ብትል ያምኗታል፣ ማን ይወደዋል።

ሦስት ሰዓት ላይ ተነሣች። ጥቁር ሹራቧን ለበሰች፣ ደረጃውን ወረደች። ምድር ቤቱ መግቢያ ላይ የልብስ ማጠቢያው ሰሌዳ አለ፤ የሕንፃው ነዋሪ እያንዳንዱ ቁጥር ያለው ትንሽ ቁልፍ ተሰጥቶታል፣ ማጠብ በሚፈልግበት ቀንና ሰዓት ላይ ይሰካዋል፣ አንዱ የሌላውን ፊት ሳያይ ሠላሳ ሁለት ቤት በአንድ መኪና ያጥባል። ስትመጣ ገርሟት ነበር፣ ይህን የመሰለ ሥርዓት እኛም ብንለምድ ብላ ለእንደሻው ጽፋለታለች። ባለፈው ክረምት ከሦስተኛው ፎቅ አንድ ሽማግሌ ሞተ፣ ያወቀችው ቁልፉ ሐሙስ ላይ ሦስት ሳምንት ሳይነሣ ስለቆየ ነው። በአራተኛው ሳምንት አንድ ሰው መጥቶ ነቀለው። ሐሙስ ክፍት ሆነ። እሷ ወሰደችው፣ የሚመች ሰዓት ነበር።

ስልክ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ቁጥር ወሰደች፣ ቁጥሯ ተጠራ፣ የመስተዋት ሣጥን ውስጥ ገባች። አንድ ሴት በእንግሊዝኛ፣ ሌላ ሴት ከአዲስ አበባ፣ ከዚያ ድፍን ያለ ጩኸት፣ ከዚያ ሐረር።

«ማነው? ብርነሽ? ጮክ በይ፣ ጆሮዬ እንደ ዱሮው አይደለም።»

«እንደምን አሉ እማማ?»

«ይመስገነው። እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ። ጥቁር ለብሰሻል?»

«ለብሻለሁ። እማማ፣ አርባው…»

«እናውቃለን። እኛም በልባችን ስንቆጥር ነው የሰነበትን። ግን እንዴት አድርገን? ወረቀትሽ አለ።»

«ሀብተወልድ ያነበበላችሁ ወረቀት…»

«ሀብተወልድን ማን ሰማው። ቢያነብ ባያነብ ጉዳዬም አይደል። እኔ ወረቀቱን አምጣ አልኩት። ፊደል አልቆጠርኩም፣ ያንቺን እጅ ግን አውቃለሁ፣ ለልጄ ያመለከትሽልኝ ወረቀት እስከ ዛሬ ሣጥኔ ውስጥ ነው። ያንን ጅራት የምትጎትቺውን አየሁት። የገዛ ሚስቱ ከቀብር ካወጣችው እኛ የማናውቀው ነገር ሠርቷታል ማለት ነው፣ አልን። ሰው ባሕር ማዶ ተቀምጦ በከንቱ እንዲህ አይጽፍም። አባይነህ ከበሩ ላይ የተመለሰው ለሀብተወልድ ብሎ መሰለሽ? ላንቺ ብሎ ነው። እያለቀሰ ነው የተመለሰው።»

ግንባሯን መስተዋቱ ላይ አስደገፈች። ይህንን አላሰበችውም ነበር። ፈርተው መስሏት ነበር፣ ደንብ አክብረው መስሏት ነበር፣ ሀብተወልድ አስገድዷቸው መስሏት ነበር፣ ሠላሳ ቀን ሙሉ በራሷ ውስጥ እነሱን ስትከስስ ነው የከረመችው። እነሱ ለእሷ ወግነው ነው።

«እሱ ምን ሠራሽ ልጄ?» አሉ አሮጊቷ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ለማድረግ እየሞከሩ፣ ስልክ ቤት ሁሉ እየሰማቸው። «ሌላ ሴት ነበረችው? ለእኔ ንገሪኝ፣ ለሰው አልናገርም።»

አንዲት «አዎ» ትበቃ ነበር። አሮጊቷ ያዝናሉ፣ ሟች ነውና ይቅር ያስብላሉ፣ ለይቅርታው ሲሉም ይቀመጡለታል። ከመስተዋቱ ውጭ ያለችው ሠራተኛ ሰዓቱን በጣቷ አሳየቻት።

«ምንም አልሠራኝም።»

«አይሰማም፣ ጮክ በይ።»

«ምንም አልሠራኝም እማማ። እሱ አልበደለኝም። የበደልኩት እኔ ነኝ። ያ ወረቀት ሐሰት ነው።» ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ዞረው ሲያዩዋት አየች።

«ለምን ጻፍሽው?»

ለምን? ሽቦውን የሚሰማው ሰው ባይኖር እንኳ፣ በዚያ ሽቦ ውስጥ አልፎ ፈላና በር የሚደርስ ምክንያት ፈለገች። የአዳራሹን ክርክር አስታወሰች፣ የተነሡትን እጆች፣ ከየመጽሐፉ የተጠቀሰውን። አንዱም አያልፍም።

«ምክንያት የለኝም።»

ከወዲያ አንድ ሰው በኦሮምኛ ወንድሙን ሲጠራ ይሰማል።

«እንግዲያ» አሉ እማማ ወለተሥላሴ ቀስ ብለው፣ «ዘጠነኛው የሚይዘው አንቺን ነው።»

«እኔን ነው። ስሜን ሰርዙት፣ የእሱን መልሱት።»

«ይኼን ለሰፈሩ ሁሉ እናገራለሁ። ደብቁልኝ ብትዪም አልደብቅም።»

«አይደብቁት።»

«ብትመለሺ ለቅሶ ቤታችን አትቀመጪም። ብትሞቺ አናነሣሽም። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

ትንፋሻቸው ይሰማታል፣ ዳገት የወጡበት። «የድንኳኑን ግማሽ ከሀብተወልድ ቤት እኔው ሄጄ አመጣዋለሁ። ይከለክለኝና አየዋለሁ። በድሪ መጽሐፍ የሚሰፋበት ክር አለው፣ እሱ ክር አይበጠስም። አባይነህን ደግሞ…»

መስመሩ ተቋረጠ።

ወደ ቤቷ በእግሯ ተመለሰች፣ መንገዱ ሩቅ ነው። ተስፋዬ ከሰዓት እመጣለሁ ያለው ቀድሞ መጥቶ ደረጃው ላይ ተቀምጧል፣ ያን ወረቀት ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ብዕሩንም ይዞላት መጥቷል።

«ገለበጥሽው?»

«ከማኅበሩ ወጥቻለሁ» አለችው።

«ከየትኛው? ከእድሩ ነው ከድርጅቱ?»

በሩን ከፍታ ገባች፣ ከመስኮቱ ላይ ካፖርቱን አወረደች፣ ተመልሳም በሩን ልትዘጋው ያዘችው።

«መዝገቡ አንድ ነው» አለችው።